ምዕራፍ 4፦ «ሞራ ነው» ብሎ መቀመጥ

ሰባ ዓመት የተሻገሩ አዛውንት ናቸው። ላለፉት ሃያ ዓመታት መነጽር ሳያደርጉ አንድ መስመር አንብበው አያውቁም። አንድ ሰሞን ግን መነጽራቸውን ጥለው ዳዊታቸውን በባዶ ዓይናቸው መድገም ይጀምራሉ። ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ጎረቤቱ «ዓይናቸው ተመለሰላቸው» ይላል። ደስታ ማደፍረስ ደግ ሥራ ባይሆንም፣ የዓይን ሐኪም ይህን ወሬ ሲሰማ ቀድሞ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ሞራ ጀምሯቸዋል።

ከብሌናችን በስተኋላ ሌንስ አለ። ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ የደም ሥር የሌለው ጥርት ያለ አካል ነው። ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ፕሮቲን። ቆዳችን አሮጌውን እየጣለ አዲስ ይተካል፤ ሌንስ ግን ምንም አይጥልም። በእናት ማሕፀን ሳለን የተሠሩት ሕዋሳት እስከ ዕለተ ሞታችን መሃሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ አዲሶቹ ከላይ ከላይ ይደረባሉ። ስለዚህ የሰባ ዓመት ሰው ሌንስ እምብርት የሰባ ዓመት ፕሮቲን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ፕሮቲኑ ይጓጉላል፤ እሳት የነካው የእንቁላል ውሃ እንደሚነጣው ማለት ነው። የነጣው እንቁላል ተመልሶ እንደማይጠራ ሁሉ የደፈረሰ ሌንስም አይጠራም። ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ እስከ ዛሬ ያልተገኘው ለዚህ ነው። አለኝ የሚል ነጋዴ ቢመጣ በትሕትና መሸኘት ነው።

የአዛውንቱ ነገር ታዲያ ምንድን ነው? መደፍረሱ ከሌንሱ እምብርት ሲጀምር እምብርቱ ይጠነክራል፤ ብርሃንንም ከወትሮው አጥብቆ ያጥፋል። ውጤቱ የቅርብ ማየት መሻሻል፣ የሩቅ ማየት መበላሸት ነው። ዳዊቱ ይነበባል፤ በደጅ የሚያልፈው ሰው ግን ማን እንደሆነ በድምፁ ካልሆነ አይለይም። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን ልብ አይልም። ይህ የማታ ማታ ስጦታም አይዘልቅም፤ መደፍረሱ ሲገፋ የቅርቡም ይጠፋል።

አብዛኛው ሰው «ሞራ» ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ነጭ ብሌን ነው። ብሌኑ ከውጭ ነጭ ሆኖ የሚታየው ግን ነገሩ መጨረሻው ሲደርስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ብርሃንና ጨለማን ከመለየት ያለፈ እምብዛም የቀረው ነገር የለም። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት በቤት ውስጥ ምልክት የሞሉ ናቸው። ምልክቶቹ የሚታዩት ግን ከዓይኑ ይልቅ በሥራው ላይ ነው።

እናት ምስር ሲለቅሙ ድንጋይ ማሳለፍ ይጀምራሉ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ለልጅ ልጅ ይተዋል። የመቶና የሁለት መቶ ብር ኖት ለመለየት ወደ ደጅ ብርሃን ይወጣሉ። ጥቁሩንና ጥቁር ሰማያዊውን ሹራብ ያምታታሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የነጠላው ጣጣ ነው። አያት «ነጠላዬን አላጸዳሽልኝም» ብለው የምታጥበውን ልጅ ይቆጣሉ፤ ልጅቷ ደግማ ታጥባለች፤ አሁንም ቢጫ ነው ይላሉ። ነጠላው ንጹሕ ነው። ቢጫው ያለው በገዛ ሌንሳቸው ውስጥ ነው፤ ለዓመታት ቀስ እያለ ስለመጣ የነጭ መልኩ ከአእምሯቸው ጠፍቷል። ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ማግስት ፋሻው ሲፈታ «እንዴት ይነጣል!» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚሉት ስለ ነርሷ ጋውን ወይም ስለ አንሶላው ነው።

ሌላው ምልክት ፀሐይ ነው። ሞራ የያዘው ዓይን ብርሃኑን በቀጥታ አያሳልፍም፤ ይበትነዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ደህና የሚያዩ ሰው ቀትር ላይ ሲወጡ «ይወጋኛል፣ ያጭበረብረኛል» ይላሉ። መደፍረሱ በሌንሱ ጀርባ መሃል ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በብርሃን ብሌኑ ስለሚጠብ ሰውየው የሚያየው በደፈረሰው ቦታ ብቻ ነው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብሌኑ ይሰፋና በጎን በኩል ባለው ጥሩ ሌንስ ያያል። «ሲመሽ ይሻለኛል» ማለት ስንፍና ወይም ቅዠት አይደለም። ይህን ከዳፍንት ጋር ማምታታት አይገባም፤ ዳፍንት የያዘው ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ ቀን እያየ ሲመሽ የሚደናበር ነው። እሱ የቫይታሚን ኤ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ለራሱ ፈጥኖ መታየት አለበት።

መኪና የሚነዱ ሰዎች ምልክቱን ከሌላው ቀድመው ያውቁታል፤ ከጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር እስከ ዋሽንግተን የሌሊት ታክሲ ነጂ። ከፊት የሚመጣው መብራት ይበተናል፣ ዙሪያውን ክብ ይሠራል፣ መንገዱን ይውጠዋል። «የዛሬ ሾፌር መብራት ዝቅ ማድረግ አያውቅም» የሚለው ሮሮ እውነት ቢሆንም፣ ሁሉም መብራት በየሌሊቱ የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋቱ የሌላው ሾፌር ብቻ ላይሆን ይችላል። በየስድስት ወሩ መነጽር የሚቀይርና አንዱም የማይስማማው ሰውም መነጽር ሠሪውን ከመውቀሱ በፊት ሌንሱን ያስመርምር።

አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየትም አለ። ጨረቃዋ ሁለት ትሆናለች። እዚህ ላይ በቤት የሚደረግ ቀላል ፈተና ይጠቅማል፦ አንዱን ዓይን መሸፈን። አንዱ ተሸፍኖም በቀረው ዓይን ብቻ ሁለት የሚታይ ከሆነ ነገሩ ከዚያ ዓይን ነው፤ ሞራም ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲሸፈን ሁለትነቱ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሁለቱ ዓይኖች አንድ ላይ ማነጣጠር አቅቷቸዋል ማለት ነው፤ ድንገት ከመጣ የነርቭ ወይም የአንጎል ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም።

ዓይንን በየተራ መሸፈን ለሌላም ይረዳል፤ እንዲያውም ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል። ሁለት ዓይን እርስ በርሱ ይሸፋፈናል። ግራው ለዓመታት ሲደክም ቀኙ ይተካዋል፤ ባለቤቱም ምንም አያውቅም። አንድ ቀን ቀኙ ውስጥ የእብቅ ብናኝ ይገባና እሱን ሲያሹ ግራው እንደማያይ ያገኙታል፤ «ብናኙ ዓይኔን አጠፋው» ብለው ይመጣሉ። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ ሆኖ፣ አንድን ነገር፣ የግድግዳ ሰዓትም ሆነ የደጃፍ ዛፍ፣ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ ማየት፤ ከዚያ ማለዋወጥ። ልዩነት ካለ መታየት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይህ ከመስታወት ፊት ፀጉር ከማበጠር የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም።

እስካሁን የተናገርኩት ምልክት ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አለው፤ አያምም። አይቀላም፣ አያሳክክም፣ ዕንባ አያፈስም። ሰው ደግሞ ያላመመውን ነገር ለማሳየት ከብት ሸጦ፣ አጃቢ ፈልጎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ አይሄድም። «ዕድሜ ነው»፣ «ሞራ ነው» ይባልና ይቀመጣል። ከዚህ ልማድ ጋር ጠብ ያለኝ በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው «ይብሰል» የሚለው ምክር ነው። በየመንደሩ፣ አንዳንዴም ካረጀ የጤና ባለሙያ አፍ፣ «ገና ነው፤ ሲበስል ይወጣል» ሲባል ይሰማል። ምክሩ በዘመኑ ሞኝነት አልነበረም። ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል እ.ኤ.አ. በ1747 የደፈረሰውን ሌንስ ከዓይን ቆርጦ ካወጣ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የሌንሱን ቦታ የሚተካ አልነበረም። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሌንስ አልባ ሆኖ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ይሸከማል፤ ያለ መነጽሩ ከበፊቱ ብዙም አይሻልም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ጨርሶ እስኪታወር መጠበቅ አስተዋይነት ነበር።

ነገሩን የቀየረው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ተሰባብሮ የፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም ዓይኑ ባዕዱን ነገር ታግሶት እንደተቀመጠ አየ። ታዲያ ከዚሁ ፕላስቲክ ሌንስ ቢሠራስ? ኖቬምበር 29 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በታካሚ ዓይን ውስጥ አስቀመጠ። የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲቃወሙት ኖረዋል። ሐሳቡ ካሸነፈ በኋላም ሌንሱ ውድ ስለነበር ለድሀ አገር ሰው የሚደርስ አልሆነም። ለእኛ አካባቢ መንገዱ የተጠረገው በአውስትራሊያዊው ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ጥረት ነው፤ እሱ ካረፈ በኋላ በ1994 እ.ኤ.አ. በአሥመራና በካትማንዱ የሌንስ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። በሕንድም ተመሳሳይ ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ ስለነበር ዋጋው በእጅጉ ወረደ።

ስለዚህ ዛሬ መብሰል የሚባል ነገር መጠበቅ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የሚያዩት ለሚሠሩት ሥራ ይበቃል ወይ? ልብስ ሰፊ ወይም ሾፌር ቶሎ ያስፈልገዋል፤ ሞራው ገና ጭላንጭል ሆኖ ሥራው ያልተስተጓጎለ ሰው ደግሞ ሐኪሙ ካየው በኋላ በሰላም ሊቆይ ይችላል። ቀዶ ሕክምና የማይቸኮልበት ሞራ አለ፤ ምርመራ የማይቸኮልበት ግን የለም። ጨርሶ የበሰለውማ ጣጣ ያመጣል። ሌንሱ ስለሚጠነክር ለማውጣት ይከብዳል። አንዳንዴም ፈስሶ የዓይኑን የውስጥ ግፊት ከፍ ያደርገዋል፤ ለዓመታት ያላመመው ዓይን በአንድ ሌሊት ይቀላል፣ ይፈነዳ ይመስል ያማል። ያኔ ቶሎ ካልተደረሰበት የሚጠፋው ማየት አይመለስም።

ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ነው። ቤት ቁጭ ተብሎ «ሞራ ነው» የተባለው ሞራ ላይሆን ይችላል።

ግላኮማ ሞራን በጠባዩ ይመስለዋል፤ እሱም በአብዛኛው አያምም፣ እሱም ቀስ ብሎ ይመጣል፣ እሱም ከአርባ ዓመት በኋላ ይበረታል። ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። ሞራ የሚይዘው ሌንስን ነው፤ ሌንስ ይቀየራል። ግላኮማ የሚያጠፋው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው፤ እሱን የሚተካ የለም። ከዳር ጀምሮ እየበላ ይመጣል። ሰውየው ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ በጎኑ ከበር ጋር፣ ከሰው ጋር ይጋጫል። ሞራ የያዘው ሰው ግን የሚያየው ሁሉ በአንድነት ይደበዝዝበታል እንጂ ዳሩ ብቻ አይጠፋበትም። ይህ ልዩነት ግን በቤት የሚታመን መለያ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ዓይን ተደርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው። አባቱ፣ እናቱ ወይም ወንድሙ በግላኮማ የታወረ ሰው ምንም ምልክት ባይኖረውም መታየት አለበት።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር መሆኑን አገኘ። የእነዚህ ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ የታወሩት በሞራ ነው። በዓይን ማዝ ጠባሳ የታወሩት 11.5 በመቶ፣ በግላኮማ 5.2 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩን በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። ከሁለት አንዱ ዓይኑ ሊመለስለት ይችላል ማለት ነው። ሌላውስ? ጎረቤቱ በሞራ ታውሮ የነጻ ሕክምና ዘመቻ መጥቶ ዓይኑ ስለበራለት ተስፋ አድርጎ የተቀመጠ ይኖራል፤ የእሱ ግን በቀዶ ሕክምና የሚበራ አይደለም። በዘመቻው ሰልፍ ላይ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው። ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው ተመርምሮ «ለእርስዎ ቀዶ ሕክምናው አይጠቅምም» ሲባል።

ምርመራው ሞራን ከሌላው እንዴት ይለያል? መጀመሪያ የማየት ልክ ይለካል፤ በስድስት ሜትር ላይ ያለ ሰሌዳ፣ ያ ካልታየ ጣት መቁጠር። ከዚያ በካርቶን ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ማሳየት። በቀዳዳዋ ሲያዩ የሚጠራላቸው ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው መነጽር የሚያስተካክለው ነው። ጣት መቁጠር ላቃታቸው ደግሞ ባትሪ ይያዛል።

«እማማ፣ ያንን ዓይንዎን በመዳፍዎ ጥርቅም አድርገው ይሸፍኑት። መብራቱ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«ከላይ ነው ልጄ።»

«አሁንስ?»

«በዚህ በጆሮዬ በኩል።»

«አሁን?»

«አሁንማ አጠፋኸው።»

ነርሱ በእርግጥም አጥፍቶት ነበር። እማማ ፈገግ ይላሉ፤ ነርሱም ደስ ይለዋል፤ በነጩ ሞራ በስተጀርባ ያሉት ብርሃን ተቀባዩ ሬቲናና ነርቩ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። የፈለገውን ያህል የነጣ ሞራ ቢሆን ብርሃን ከየት እንደመጣ ከመለየት አያግድም። ብሌኑም ባትሪው ሲበራ መጥበብ አለበት። ብርሃኑን ጨርሶ የማያውቅ፣ ብሌኑ የማይንቀሳቀስ ዓይን ግን ሞራ ቢኖርበትም ዋናው በሽታው ሞራ አይደለም። ከዚህ በኋላ የዓይን ግፊት ይለካል፣ ብሌን በጠብታ ይከፈትና ነርቩና ሬቲናው ይታያል። ስኳር ያለበት ሰው ይህን የጀርባ ምርመራ በየዓመቱ ማድረግ አለበት፤ ስኳር ሞራን ያፋጥናል፣ ሬቲናንም ለብቻው ይጎዳል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውን ምልክቶች ልንገራችሁ፤ እነዚህ ሞራን የማይመስሉ ናቸው። ድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የጠፋ ማየት። ዓይን ቀልቶ፣ ራስን ፈልጦ፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና እያሳየ የሚያስመልስ ሕመም፤ ይህ ድንገተኛ ግላኮማ ነው፤ ትውከቱን አይቶ የጨጓራ መድኃኒት የሚሰጥ ስላለ ዓይኑን ማሳየት አይረሳ። የመብረቅ ዓይነት ብልጭታ፣ በድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ከጎን የሚወርድ ጥላ፤ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ማንኛውም ምት፦ የእንጨት ፍላጭ፣ እሾህ፣ የብየዳ ብናኝ፣ ጅራፍ። በምት የመጣ ሞራ ዕድሜ አይመርጥም፤ የአሥር ዓመት እረኛም ይይዘዋል።

ልጅን ካነሳን፣ የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ወይም በስልክ ፎቶ ላይ አንደኛው ዓይን ቀይ ወይም ጥቁር ሆኖ ሌላኛው ነጭ ካበራ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ መቆየት የለበትም። አብሮ የተወለደ ሞራ ሊሆን ይችላል። የሕፃን አንጎል ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ዓይኑ ምስል ካልላከለት ያንን ዓይን ይተወዋል፤ በሰባት ዓመቱ ሌንሱ ቢቀየር አንጎሉ ላይቀበለው ይችላል። ሌላው አማራጭ ደግሞ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ሞራን መከላከል ይቻላል ወይ? ዕድሜን መከላከል ስለማይቻል በከፊል ብቻ። ሲጋራ አለማጨስ፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ በደጋው ፀሐይ ባርኔጣ ማድረግ ይረዳል። በዚህ ረገድ ሳልቆጣ የማላልፈው ግን የጠብታውን ነገር ነው። ዓይኑን በአለርጂ የሚያሳክከው ልጅ ወደ መድኃኒት ቤት ይላካል፤ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ይሰጠዋል፤ ማሳከኩ በአንድ ቀን ጸጥ ይላል። ሲመለስ ጠብታውም ይመለሳል። እንዲህ ወራትና ዓመታት ያልፋሉ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ክትትል ሲዘወተር ሞራም ግላኮማም ያመጣል፤ ሁለተኛው በማይመለስ መልኩ። ጠብታው ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም ለይቶ፣ ቀን ወስኖ ሲያዝዘው ዓይን ያድናል። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውና ጠርሙሱን ለጎረቤት የሚያውሰው ናቸው የሚያጠፉት። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎችም ዓይናቸውን ያስመርምሩ፤ መድኃኒቱን በራሳቸው ግን አያቋርጡ። ዓይን ውስጥ ቅጠል መጭመቅ፣ የእናት ጡት ወተት መጨመር ሞራውን አይነካውም፤ የፊተኛውን ጥርት ያለ ክፍል ግን ያቆስለዋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ ሐኪም ጋም ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን የሚከለክልበት ምክንያት የለም።

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ የዓይን ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይላካል። በብዙ ሆስፒታሎች ሞራ ብቻ እንዲያወጡ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች አሉ፤ እጃቸው ከብዛት የተነሣ የተፈታ ነው፤ «ዶክተር ካልሆነ» ብሎ መመለስ አያስፈልግም። ከበድ ያለው ጉዳይ ወደ ምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታል፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ቡታጅራ ያለው የግራርቤት ሆስፒታልም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ሴቶች ልብ ሊባሉ ይገባል። ከላይ ያነሳሁት ጥናት ዓይነ ሥውርነት በሴቶች ላይ በርትቶ አግኝቶታል፤ አባት ሲታወር ልጆች ተሰብስበው ይመክራሉ፣ እናት ስትታወር ግን ምጣዱንም ጓዳውንም በዳበሳ ስለምታውቀው ማንም ሳያውቅ ዓመት ያልፋል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚወራው ፍርሃት አብዛኛው «ዓይን ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል» ከሚል የመጣ ነው። ዓይን አይወጣም። ዓይኑ አጠገብ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ታካሚው ነቅቶ፣ የሐኪሙን ድምፅ እየሰማ ይተኛል። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር የምታህል ስንጥቅ ትከፈታለች፤ በእሷ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፤ ሰው ሠራሹ ይገባል። ስንጥቋ የተሠራችው ራሷ እንድትዘጋ ሆና ስለሆነ ብዙ ጊዜ ስፌት አያስፈልግም። ልምድ ያለው እጅ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ይህን ዘዴ በማስፋፋት ኔፓላዊው ሐኪም ሳንዱክ ሩይት ስሙ ይነሣል። በትላልቅ ከተሞች በድምፅ ሞገድ ሌንሱን ሰባብሮ የሚመጥ መሣሪያም አለ፤ ስንጥቁ ከዚያ ያነሰ፣ ዋጋው ከዚያ የበዛ ነው። ድሀ የሚያገኘው የመጀመሪያው ስለሆነ ዝቅ ያለ ሕክምና ይመስለዋል፤ አይደለም።

ሁለቱ ዓይኖች ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይሠሩም፤ አንዱ ድኖ ሁለተኛው ይከተላል። የገባው ሌንስ ዕድሜ ልክ ነው፤ አያረጅም፣ ሞራም ተመልሶ አያበቅልም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሌንሱን የያዘው ስስ ከረጢት ሊደፈርስና «ሞራው ተመለሰብኝ» ሊያሰኝ ይችላል፤ እሱ በጨረር በደቂቃዎች ይከፈታል። ለቅርብ ንባብ መነጽር ማስፈለጉም የተለመደ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ጠብታው በሰዓቱ ይደረጋል፤ ዓይን አይታሽም፤ ጭስ ካለበት ማድ ቤት መራቅ፣ ውሃ እንዳይገባበት ፊትን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ትንሽ መቆርቆር ይኖራል። ሕመሙ ዕለት ዕለት እየቀነሰ፣ ማየቱ ዕለት ዕለት እየጨመረ መሄድ አለበት። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ሕመሙ ከጨመረ፣ ዓይኑ ከቀላና መግል ከታየበት፣ ማየቱ ከትናንት ዛሬ ካነሰ፣ ውስጡ አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮው ቀን አይጠበቅም። በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሠራው ሆስፒታል ይመለሳሉ።